ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በፊት ያሉት ሳምንታት፦ ጉበት፣ ጾምና የከተማ ዳር ኑሮ

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን ማሳነስ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ብዙም የማይሰማ ወሬ ነበር። አሁን በቲክቶክና በቴሌግራም «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ይዘዋወራሉ። ኢስታንቡል ወይም ህንድ ድረስ እንወስዳለን የሚሉ አገናኞችም ስልክ ቁጥራቸውን ይለጥፋሉ። ከለገጣፎ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች ጉዳዩ የቡና ላይ ጨዋታ ሆኗል። በጨዋታው መሃል ግን ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ክብደቱን የሚቀንስልኝ ቀዶ ጥገናው ከሆነ፣ ለምን መጀመሪያ ቀንሺና ነይ ይሉኛል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ደግሞ «ቆራጥነትሽን ለማየት ነው» የሚል ነው፤ ይህ ግን ዋናውን ምክንያት ይስታል። ምክንያቱ ያለው ጉበት ላይ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ስሞቹ መግባባት ያስፈልጋል።

አንድ ስም፣ አራት የተለያዩ ነገሮች

«ሆድ ማስቀነስ» በሚለው አጠራር ውስጥ ቢያንስ አራት ነገሮች ተደባልቀዋል። ላይፖሰክሽን ከቆዳ ሥር ያለን ስብ በቱቦ መምጠጥ ነው። ቅርጽ ያስተካክላል እንጂ የምግብ ፍላጎትንም ሆነ የስኳር በሽታን አይነካም፤ ስለዚህ የውፍረት ሕክምና ተደርጎ አይቆጠርም። ባሉን ያለ ቀዶ ጥገና ወደ ጨጓራ ገብቶ የሚሞላ ፊኛ ነው። አብዛኛው ዓይነት ከ6 ወር በኋላ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላም ክብደቱ በብዙዎች ላይ ይመለሳል።

ስሊቭ፣ ማለትም «እጅጌ»፣ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ የሚወጣበት ቀዶ ጥገና ነው። የቀረው ጠባብ እጅጌ ይመስላል፤ የተቆረጠው ተመልሶ አይቀጠልም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግረሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ክፍልም አብሮ ስለሚወጣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር የምትገጠምበት ነው። 30 ሚሊ ሊትር ግማሽ ሲኒ ቡና ያህላል፤ አንድ የሠርግ ቤት ጉርሻ ይበልጠዋል።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ «የጨጓራ ቦቶክስ» የሚባል መርፌም ይተዋወቃል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቱርክ ሄደው ይህን መርፌ የተወጉ ከ60 በላይ የአውሮፓ ነዋሪዎች ቦቱሊዝም በተባለ ጡንቻን በሚያሽመደምድ መመረዝ ታመዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ ስሊቭና ባይፓስ ብቻ ነው።

ለማን ነው የሚሠራው?

መለኪያው ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው የሰውነት ክብደት ምጣኔ ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 96 ኪሎ የሆነ ሴት 96ን ለ2.56 ስታካፍል 37.5 ታገኛለች። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ቀዶ ጥገናን የፈቀደው ምጣኔያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ደርሶ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ምክረ ሐሳብ ግን 35 የደረሰን ሁሉ ተጓዳኝ በሽታ ሳይጠይቅ ያካትታል። ከ30 ጀምሮ ደግሞ ዓይነት ሁለት ስኳር ላለባቸው እንዲታሰብ ይመክራል። ምጣኔው 27 ሆኖ «ቦርጬን ላጥፋ» የሚል ሰው እዚህ ውስጥ የለም።

ስሊቭ በአማካይ ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት 25 በመቶ ገደማ፣ ባይፓስ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 120 ኪሎ የነበረ ሰው ወደ 90 ወይም 84 ይወርዳል ማለት ነው። ሴማግሉታይድን የመሰሉ በሳምንት አንዴ የሚወጉ መድኃኒቶች በጥናት 15 በመቶ ገደማ ስለቀነሱ «ቀዶ ጥገናው ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ አሉ። በሌላ ወገን ያሉት መድኃኒቱ ሲቆም ክብደቱ እንደሚመለስ፣ ለዓመታት መግዛት የሚችልም ጥቂት እንደሆነ ይናገራሉ። በእኛ አገር ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ሚዛን ይደፋል፤ መድኃኒት ዛሬ ፋርማሲ ተገኝቶ የሚቀጥለው ወር ሊጠፋ ይችላልና።

ጉበቱ ለምን ያስቸግራል?

ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ሆድ ተከፍቶ ሳይሆን በአራት ወይም በአምስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ገብተው ነው። ሐኪሙ በተለይ መድረስ ያለበት የምግብ ቱቦና ጨጓራ የሚገናኙበት አናት ላይ ነው። ያንን ቦታ ከላይ የሚሸፍነው የጉበት ግራ ክንፍ ነው፤ ለመሥራት ክንፉን በመሣሪያ አንስቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ውፍረት ባለበት ሰው ላይ ጉበት ብዙ ጊዜ ስብ የቋጠረ፣ ያበጠና ሲነኩት የሚቀደድ ይሆናል። ሲነሳ ይደማል። ካልተነሳ ደግሞ አናቱ በደንብ ሳይታይ ይቆረጣል። ከስሊቭ በኋላ የሚያጋጥመው የስፌት ማፍሰስ፣ ማለትም ከተሰፋው ቦታ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሆድ መውጣት፣ በብዛት የሚከሰተው እዚያው አናት አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ የጉበቱ መጠን ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይገባናል። አንዳንዴ ሐኪሙ ሆዱን ለመክፈት ይገደዳል፤ አንዳንዴም ሥራውን አቁሞ ታካሚውን ይቀሰቅሳል።

ደስ የሚለው፣ ጉበት ከሌላው አካል በፊት ይቀንሳል። ጉበት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ሲቀነስ ክምችቱና ውሃው አስቀድሞ ይወጣል፣ ስቡም ይከተላል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ የግራ ክንፉ በግልጽ ይሟሽሻል። «ቀንሰሽ ነይ» የሚለው ትእዛዝ መነሻው ይህ ነው፤ ሚዛኑ ላይ የሚታየው ኪሎ ለሐኪሙ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ክርክር ያለው ከዚህ ያለፈው ላይ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ የመድን ድርጅቶች ከቀዶ ጥገና በፊት ለወራት በሐኪም ክትትል ምግብ መቀነስን ያስገድዱ ነበር። የአገሪቱ የሜታቦሊክና ባሪያትሪክ (የውፍረት) ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ተቃውሟል፤ ሕክምናውን ያዘገያል እንጂ ውጤቱን እንደሚያሻሽል ማስረጃ የለም ይላል። አምስት ወይም አሥር በመቶ አስቀድሞ መቀነስ ማደንዘዣውን ያቀላል፣ የኋላውን አመጋገብም ያለማምዳል የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። የሁለት ሳምንቱን አመጋገብ እንደ ቀዶ ጥገናው የመጀመሪያ ክፍል ማየት የሚያስኬድ ይመስላል። ለወራት የሚዘልቅ «ፈተና» ግን ምክንያቱን አስረዱኝ ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

የሁለት ሳምንቱ ማዕድ

የተለመደው ልክ በቀን ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ፣ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እና ከ100 ግራም ያነሰ ካርቦሃይድሬት ነው። በአዲስ አበባ ወጥ ቤት ይህ እንዲህ ሊመጣ ይችላል። ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ረፋድ ላይ ስቡ የተገፈፈ 250 ሚሊ ሊትር ወተት 8 ግራም። ምሳ ላይ ቆዳው የወጣ 120 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት ከጎመን ጋር 36 ግራም፣ እራት ላይ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም። ድምሩ 74 ግራም ፕሮቲን ነው። ለቀኑ በሙሉ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርም ከ1000 ካሎሪ አያልፍም።

ማንኪያው ይለካ የሚባለው በምክንያት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወጥ ሲሠራ «ትንሽ» ተብሎ የሚፈስ አንድ ሲኒ ዘይት ወደ 500 ይጠጋል፤ የቀኑ ድርሻ ግማሽ ማለት ነው።

የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ስንብት ነው፦ «ከእንግዲህ ላልበላው» ተብሎ በመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ ክትፎና ጥብስ ከነእንጀራው ይበላል፣ ድራፍትም ይከተላል። ሁለት ሳምንት የወጣው ግላይኮጅን በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። ሁለተኛው «ፈሳሽ ስለሆነ ችግር የለውም» ብሎ አጥሚት፣ በሶና ስፕሪስ መጠጣት ነው፤ ጉበት የሚያየው ስኳሩን እንጂ ፈሳሽነቱን አይደለም። ሦስተኛው ጭራሽ አለመብላት ነው። ፕሮቲን ሳይኖር ሲራብ ሰውነት ጡንቻውን ይበላል፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የስኳር መድኃኒቱ መጠን አመጋገቡ ከሚጀመርበት ቀን ጋር አብሮ በሐኪም መስተካከል አለበት።

ጾሙና ቀን መቁረጥ

ከውጭ የተገለበጡ የመመሪያ ወረቀቶች የማያውቁት ነገር አለ፦ የጾም ቀን መቁጠሪያ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የተቀጠረ ሰው 60 ግራም ፕሮቲኑን ከምስር ብቻ ላግኝ ቢል 240 ግራም ገደማ ደረቅ ምስር ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ ወደ 145 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዞ ይመጣል፤ ከ100 ግራሙ ወሰን ያልፋል። ሽሮና ሽምብራም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የተሻለው አኩሪ አተር ነው፤ በ100 ግራም ደረቅ ፍሬ 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው ካርቦሃይድሬቱ የምስር ግማሽ ነው። ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ካለ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ቀን የመምረጥ ዕድል ላለው ሰው ግን በዓለ ሃምሳ ተስማሚ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ አመጋገቡን የጀመረ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሠራለታል። ጰራቅሊጦስ ሲደርስ ከቀዶ ጥገናው አራት ሳምንት አልፎ ለስላሳ ምግብ ላይ ይሆናል። ቀጥሎ የሚገባው የሐዋርያት ጾም ነው፤ ስለዚህ ከንስሐ አባት ጋር የሚደረገው ንግግር ቀን ከመቆረጡ በፊት ቢሆን ይመረጣል። የረመዳን ጾም ያለበት ሰው ደግሞ ጉዳዩ ውሃው ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ግዴታ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀን ጾም ከዚህ ጋር አይሄድም።

ሌላም ጉዳይ ከጾም ጋር ይያያዛል። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በእጽዋት ምግብ ውስጥ የለም። ለዓመታት አጥብቆ የጾመ፣ በዚያ ላይ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክምችቱ አስቀድሞ ተመናምኖ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ቫይታሚኑ የሚመጠጥበትን መንገድ ያጠባል። ስለዚህ ቢ12፣ ብረት፣ ፎሌትና ቫይታሚን ዲ ከቀዶ ጥገናው በፊት ተለክተው ጉድለት ካለ መሞላት አለባቸው።

ምርመራዎቹና ጊዜያቸው

የደም ምርመራው፣ የልብ ኤሲጂውና የሆድ አልትራሳውንዱ በአንድ ቀን ያልቃሉ። ጊዜ የሚበላው ኤች ፓይሎሪ ነው። በኢትዮጵያ በግማሽ ገደማ በሚሆነው ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ሲሆን ቁስለት ያመጣል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። ከዚያ መጥፋቱን ለማረጋገጥ አንቲባዮቲኩ ካለቀ 4 ሳምንት መጠበቅ፣ ኦሜፕራዞልን የመሰሉ የአሲድ መድኃኒቶችንም ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ምርመራው ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። እንግዲህ ከስድስት ሳምንት በታች አያልቅም። ጨጓራን በካሜራ የማየቱ ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒ፣ ከቀጠሮው ሁለት ወይም ሦስት ወር በፊት ቢሠራ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ለሁሉም ሰው ኢንዶስኮፒ ይሠራ ወይስ ምልክት ላለው ብቻ በሚለው ላይ ሐኪሞች አይስማሙም። ባይፓስ ለሚሠራለት ግን አንድ ጠንካራ ምክንያት አለ፦ ተለይቶ የሚቀረው ትልቁ የጨጓራ ክፍል ከዚያ በኋላ በተለመደው ካሜራ አይደረስበትም። ኃይለኛ ቃር ላለበት ደግሞ ምርመራው ምርጫ ይለውጣል፤ ስሊቭ ቃርን ሊያብስ ስለሚችል ባይፓስ ይመረጣል።

ማንኮራፋት እንደ ቀልድ ቢታለፍም ማደንዘዣ ሰጪውን በጣም የሚያሳስበው ነገር ነው። ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ ሲቋረጥ መታየት፣ ቀን ላይ መድከምና ማንቀላፋት፣ ደም ግፊት፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አንገት፣ ከ50 የበለጠ ዕድሜ፣ ወንድነትና ከ35 በላይ ምጣኔ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አምስትና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው በእንቅልፍ የትንፋሽ መቆራረጥ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። አብሮ የሚተኛ ሰው በምርመራው ቀን ቢገኝ ከታካሚው የተሻለ መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ከፍታውን መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። ታካሚው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያለው የኦክስጅን መጠን በጣት መለኪያ ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ በኋላ የሚታየው ቁጥር የወረደ ነው ወይስ የተለመደው ነው ለማለት ይረዳል።

የሚቆሙ ነገሮች

ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድሞ መቆም አለባቸው፤ ቁስል እንዳይድን ያደርጋሉ፣ ከባይፓስ በኋላም መገጣጠሚያው ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ጫት ልብንና ደም ግፊትን ስለሚያነሳሳ ለማደንዘዣ ሰጪው ሳይደበቅ መነገር አለበት። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ደም የማርጋት ጸባይ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ሲቀር በሌላ ይተካል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ዘዴ ለዚህ ይመቻል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና አይመከርም። የማቅጠኛ ሻዮች ብዙዎቹ ተቅማጥ የሚያመጡ ናቸው፤ የሰውነትን ፖታሺየም ያወርዳሉና እነሱም ይቆማሉ። ሴማግሉታይድ የሚወጋ ሰው ጨጓራው ምግቡን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ በማደንዘዣ ጊዜ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መቼ እንደሚቆም ወይም ከዋዜማው ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ ይወሰድ እንደሆነ የሚወስነው ማደንዘዣ ሰጪው ነው።

ከከተማ ዳር ሲኬድ

መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ዝግጅት ለሰበታ፣ ለቡራዩ ወይም ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪ አይበቃም። የስፌት ማፍሰስ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ሲታይ ደግሞ ቆጠራው በሰዓት ነው። ማለዳ ላይ ከኮዬ ፈጬ ወደ መሃል የሚወጣውን የመኪና ሰልፍ የሚያውቅ ሰው፣ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት ማሳለፍን እንደ ቅንጦት አያየውም።

ቤት ለሚመለስ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ራሱ ጉዳይ ነው። ደረጃ መውጣት አልተከለከለም፤ መራመድ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ችግሩ ጄሪካን ነው። ከባድ ዕቃ ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት አይነሳም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማን እንደሚቀዳ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የሚጠጣው ውሃ ይፈላ፤ ተቅማጥና ትውከት ለዚህ ታካሚ በፍጥነት ድርቀት ማለት ነው። በቀን መግባት ያለበት 1.5 ሊትር ሲሆን በአንዴ የሚጠጣ አይደለም፦ ግማሽ ሲኒ በየ15 ደቂቃው፣ ይህም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ብሌንደር ስለማይሠራ ወንፊትና ሙቀጫ ይዘጋጁ። በእንቅልፍ ጊዜ የሚጠቀምበት የትንፋሽ ማገዣ ማሽን ላለው ሰው ግን የመብራት አማራጩ ከሐኪም ጋር መነጋገሪያ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የተነገረው ዋጋ ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ጨጓራውን እየቆረጠ የሚሰፋው መሣሪያ በካርትሪጅ ይሠራል፤ ለአንድ ስሊቭ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ይፈጃል። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው። በዋጋው ውስጥ አራት ተቆጥሮ ስድስት ቢያስፈልግ ጭቅጭቁ በታካሚው ቤተሰብ ላይ ይወርዳል። ደም እንዳይረጋ የሚወጋው መድኃኒት፣ የዕድሜ ልክ ቫይታሚንና የክትትል ምርመራም በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ናቸው። ውጭ አገር የሚሠራለት ሰው ደግሞ በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን የሚመልስ ትኬት ከተቆረጠለት፣ ማፍሰስ ሊመጣ በሚችልበት ሳምንት ረጅም በረራ ላይ ተቀምጦ ይመጣል ማለት ነው። ለደም መርጋትም ረጅም መቀመጥ አይበጅም።

ኪስ ውስጥ የምትገባው ወረቀት

በከተማ ዳር የሚያጋጥመው ስህተት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ታካሚው ሌሊት ሆዱን ያመዋል፤ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ይሄዳል፤ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተወግቶ ኦሜፕራዞል ይዞ ይመለሳል። የማፍሰስ ምልክት ግን ሁልጊዜ ከባድ የሆድ ሕመም አይደለም፤ ቁጭ ብሎ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 ማለፉ፣ ትኩሳት፣ የግራ ትከሻ ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሲታዩ መሄጃው የተሠራበት ሆስፒታል ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ አንዲት ወረቀት ማጻፍ ይጠቅማል። የቀዶ ጥገናው ዓይነትና ቀን፣ ሌሊት የሚነሳ የሐኪም ስልክ፣ ጤነኛ ሆኖ የተለካው የኦክስጅን መጠን ይሰፍርበታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳይሰጥ፣ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦም ሐኪሙ ሳይጠየቅ እንዳይገባ ይጻፍበታል። ሌላው መስመር ደግሞ ለቀናት ሲያስመልሰው የቆየ ከሆነ ግሉኮስ ከመንጠልጠሉ በፊት ቢ1 የተባለው ቫይታሚን፣ ማለትም ታያሚን፣ በመርፌ እንዲሰጥ የሚል ነው። የቢ1 ክምችት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው፤ ባለቀበት ሰዓት ግሉኮስ ብቻውን ከገባ የቀረችውን ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። የድካም መድኃኒት ተብሎ ግሉኮስ ቶሎ በሚሰቀልበት ክሊኒክ ይህች መስመር ከላይ፣ በደማቅ ቀለም ብትጻፍ ይሻላል።